የባሩድ ምርቃት

ባለፈው ቅዳሜ ፎልስ ቸርች ካለች አንዲት የባልትና ሱቅ ሚጥሚጣ ልገዛ ገብቼ፣ ሚዛን ላይ የቆመችው ልጅ አሳቀችኝ። ልጅ እግር ናት፤ ጥፍሯ ረጅም፣ ስልኳ በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል የተሸጎጠ። ሚጥሚጣውን በማንኪያ እየቀዳች ላስቲክ ውስጥ ስትጨምር ዲጂታሉ ሚዛን ካልኳት ትንሽ አለፈ። አለፈ ስላችሁ የአንዲት ቁንጥጫ ነገር ነው። ልጅቷ ወሬዋን ሳታቋርጥ በማንኪያዋ ጫፍ ያቺን ቁንጥጫ መልሳ አወጣቻት። ቁጥሩ ልክ ሲመጣላት ላስቲኩን አስራ፣ «ሌላስ ጋሼ?» አለችኝ። እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቄ ሲያመልጥ የሚጥሚጣው ብናኝ ጉሮሮዬ ገባ፤ እየሳቅኩ ሳል፣ እየሳልኩ ሳቅ ሆነ።

«ምነው ጋሼ፣ አጠፋሁ እንዴ?» አለች ስልኳን አውርዳ።

«ኧረ የለም ልጄ! ጎበዝ ነሽ። አንቺ ጥይት መሥራት ትችያለሽ።»

ልጅቷ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ጓዳው በር አየች። ሰው ልጥራ ወይስ ሽማግሌ ነው ብዬ ልለፈው እያለች እንደነበር ፊቷ ላይ አነበብኩት። ማለፉን መረጠች፤ እግዜር ይስጣት።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ከማዞሬ በፊት ጣቴን አሸተትኩ። ሌላውን ሰው የሚጥሚጣ ሽታ ክትፎ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ባሩድ ነው። ምን ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ዛሬ የምሄድበት የለኝም፣ እናንተም ይህን የምታነቡት ሥራ ስትፈቱ ሳይሆን አይቀርም።

እኔና ባለቤቴ ጥሩነሽ፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ዱክ ስትሪት ላይ፣ በልብስ ማጠቢያ ቤትና በጥፍር መሥሪያ ቤት መሃል የተጣበቀች ሱቅ ነበረችን። በሩ ሲከፈት የሚጮህ ደወል ሰቅዬ ነበር፤ ልጃችን ማርታ «የላም ደወል ነው» እያለች ታፍርበታለች። ያኔ የስልክ ካርድ ዘመን ነው። ግድግዳችን ሙሉ ካርድ ነበር፤ አንዱ ላይ አንበሳ፣ አንዱ ላይ ፏፏቴ፣ አንዱ ላይ ምን እንደሆነ ያልገባኝ በቀቀን። ባለ አምስት ብሩ ነው የሚሸጠው፤ ዶላርን ብር ማለት እስካሁን አልተውንም። ካርዱን ፍቀህ ቁጥሩን ስትመታ አንዲት ሴትዮ ያለህን ደቂቃ ትነግርሃለች፤ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ እናንተስ» ሳያልቅ ደቂቃው ያልቃል። ቤንዚን ጋሎኑ ሁለት ብር ሲገባ «አለቀልን» ብለን የተላቀስንበት ጊዜም ያ ነው። አንዲት ሲዲ ማጫወቻ ነበረችን፤ አንድ የክራር ዘፈን መሃሉ ላይ ሲደርስ ትንተባተባለች፤ ደንበኞቻችን ከመልመዳቸው የተነሳ እዚያ ቦታ ሲደርሱ አብረው ይንተባተቡ ነበር። አንድ ሰርግ ላይ ያንኑ ዘፈን ሲዘፍኑት አንድ ደንበኛዬ እዚያው ቦታ ላይ ተንተባትቦ አየሁት። እኔ በዚያ ዘመን ቡናማ የቆዳ ጃኬት ነበረኝ፤ ክረምት ከበጋ አላወልቃትም። ጥሩነሽ «እኔ የተጋባሁት ከጃኬት ጋር ነው፤ ውስጡ ማን እንዳለ አላጣራሁም» ትል ነበር።

አባቴ እህል በረንዳ እህል ነጋዴ ነበር። ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ አንድ እፍኝ ከላይ ጣል ያደርጋል፤ ያቺ እፍኝ ምርቃት ናት፤ ሒሳብ ውስጥ አትገባም። «ልክ ለክተህ የሰጠኸው ደንበኛ ልክ ሰላምታ ሰጥቶህ ሌላ ሱቅ ይገባል» ይለኝ ነበር። እኔም እሱን አይቼ ያደግኩ ነኝ፤ በርበሬ ስመዝን፣ ሽሮ ስመዝን፣ ሚዛኑ እኩል ሲሆን ሁለት ጣቴ ማንኪያዋን መታ ታደርጋለች። ቸር ስለሆንኩ አይደለም። ጣቴ ነው።

ጥሩነሽ ሌላ ፍጥረት ናት። የእሷ እጅ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ትንሽ ካለፈ መልሳ ታወጣለች፣ ልክ እንዳሁኗ ልጅ። ደንበኞች ከኋላዋ «ወይዘሮ ልክ» ይሏት ነበር። ሰው ሱቅ ገብቶ ሚዛን ላይ እሷን ካየ፣ የስልክ ካርድ የሚመርጥ መስሎ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ እኔ ከጓዳ እስክወጣ ይጠብቃል። ያንን በቀቀን ስንት ሰው እንዳጠናው! እኔ አፍር ነበር። «አንቺ ሴት፣ ቁንጥጫ ብትጨምሪ ምን ይቀርብሻል?» ስላት፣ «ስሰጥ ልኩን፣ ስቀበል ልኩን። ማንን በደልኩ?» ትለኛለች። ማንንም አልበደለችም። ለዚህም ነው ክርክሩን አንድ ቀን እንኳ ያላሸነፍኩት።

ከነዚያ ግድግዳ ከሚያዩት ደንበኞች ዋናው ሻምበል ይልማ ነበር። ስካይላይን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ብቻውን የሚኖር፣ ሱሪው ሁልጊዜ በተኩስ የቆመ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ፣ ሚጥሚጣ ካልሆነ ምግብ ምግብ የማይመስለው ሰው። ድሮ በጦር ሠራዊት ውስጥ ተኩስ ያስተምር ነበር፤ እዚህ የኤርፖርት ሚኒባስ ነድቶ ጡረታ ወጣ። ወታደርነቱ የቀረው በአነጋገሩ ላይ ነው፤ ጨው ስጠኝ ሲልህ እንኳ ትነሳና ትቆማለህ።

ሱቁን ከሸጥን በኋላ ነው የእኔ ጣጣ የጀመረው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ባለችው ቤታችን ጥሩነሽን ከክፍል ክፍል መከተል ጀመርኩ። ኩሽና ስትገባ ኩሽና፣ ልብስ ስታጥፍ ልብስ። ቅመም መደርደሪያዋን በፊደል ተራ ያስተካከልኩላት ዕለት ወገቧን ይዛ ቆመች። «አንተ ሰው፣ ለእጅህ ሥራ ፈልግለት። አለበለዚያ እኔ ሥራ ልግባ።» ይህን ለሻምበል ብነግረው ሳቀና በነጋታው መጥቶ በመኪናው ወሰደኝ።

የወሰደኝ ቨርጂኒያ ውስጥ ከመጋዘኖች ጀርባ ወዳለች የቤት ውስጥ ተኩስ ቦታ ነው። እዚያ ጡረተኞች ተሰብስበው ወረቀት ኢላማ ላይ ይተኩሳሉ፤ በየዓመቱ መጸው ላይ ውድድር አላቸው፤ የአሸናፊው ሽልማት አንድ የሚያስቀና ነገር የሌለው የቡና ኩባያ ነው። ሻምበል ስድስት የሚጎርሰውን ሽጉጡን ሰጠኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ቃታውን ሳብኩት። ስገልጥ ወረቀቴ ንጹሕ ነው፤ አጠገቤ ያለው ፈረንጅ ወረቀት ላይ ግን አንድ ቀዳዳ ተጨምሯል። ሰውዬው ዞር ብሎ «ታንክ ዩ» አለኝ።

ያን ቀን ተለከፍኩ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ያገለገለ፣ አፈሙዙ ረዘም ያለ፣ የእንጨት እጀታው ከብዙ እጅ የተነሳ የሚያብረቀርቅ የኢላማ ሪቮልቨር ገዛሁ። ጥሩነሽ አየችውና አማተበች።

«ሌባ ቢመጣ በዚህ ልትመታው ነው?»

«ሌባው ወረቀት ካልሆነ አልመታውም» አልኳት። እውነቴን ነው። ወረቀትም ቢሆን ቆሞ መጠበቅ አለበት።

ከዚያ አንድ ወቅት መጣ፤ ምርጫ ይሁን ወሬ ይሁን አሁን ተምታቶብኛል፤ አገሩ በሙሉ ጥይት እንደ ጨው ይሸምት ጀመር። መደርደሪያዎች ባዶ ሆኑ። «ለአንድ ሰው አንድ ፓኮ» የሚል ወረቀት በየሱቁ ተለጠፈ። እኔና ሻምበል የቀበሌ ስኳር ሰልፍ ያሳደገን ሰዎች ስለሆንን ማለዳ ሄደን ከሱቅ በር ላይ እንቆም ነበር፤ ሻምበል ወንበር ይይዛል፣ እኔ በፔርሙስ ሻይ። ፈረንጆቹ ሰልፍ መቆም አያውቁበትም፤ ይነጫነጫሉ። እኛ ተራችን ሲደርስ የለም ሲሉን እንኳ አመስግነን ነው የምንመለሰው። ግን ምስጋና አይተኮስም። ውድድሩ እየቀረበ ነው፤ እኔ ደግሞ ስሜን አስመዝግቤ፣ ዊተን ያለው የሻይ ማኅበሬ ፊት «ዘንድሮ ኩባያውን ይዤላችሁ እመጣለሁ» ብዬ ፎክሬያለሁ። የቀረኝ ጥይት አንድ ሽጉጥ አይሞላም።

«እንሥራ» አለ ሻምበል።

«ምኑን?»

«ጥይቱን ነዋ! ተኩሰህ የጣልከው ቀለህ ይሞታል ያለህ ማነው? ታጥቦ ይወለወላል። ቂጡ ላይ ክብሪቷ፣ ፕራይመር የሚሏት ትገባለታለች። ባሩድ ተመዝኖ ይጨመርበታል። ከላይ እርሳሱ ይከደናል። አለቀ።»

ሲነግረኝ እንደ ቆሎ ማሰር ነበር የመሰለኝ። ጥሩነሽን ለማስፈቀድ ግን ግማሽ ክረምት ፈጀብኝ። ማርታ ጭምር ተጠርታ መጣች። «ዳዲ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ኢን ዘ ቤዝመንት?» አለች፤ ምድር ቤቱን ማለቷ ነው። «ቤዝመንት ካልሆነ ሳሎን ላድርገው?» አልኳት። ጥሩነሽ የባሩዱን ቆርቆሮ ከፍታ ወደ ውስጥ አየች፤ ቁንዶ በርበሬ ይመስላል። «ይሄ ወጥ ውስጥ ቢገባስ?» አለች። «ወጡ ይቆጣል» አልኩ። አልሳቀችም። በመጨረሻ ፍርዷን ሰጠች፤ «ቤዝመንት፣ ከቦይለሩ ራቅ ብሎ፣ ሲጋራ የለ፣ ሬዲዮ የለ። አንዲት ጥይት ተበላሽታ ከወጣች ግን ጠረጴዛው ከቤቴ ይወጣል። ሽጉጡም ይከተለዋል። አንተንም ሳስብበት እነግርሃለሁ።»

ስለዚህ ነገሩ ይህ ነበር፦ ጥይቶቹ ደህና ከሆኑ እወዳደራለሁ፤ አንዷ ከተበላሸች ተመልሼ ቅመም በፊደል ተራ አስተካክላለሁ።

ደስ የሚለው ክፍል ቀለህ መሰብሰቡ ነበር። የተኩስ ቦታው ወለል ላይ የወደቀውን ለመልቀም ባለቤቱ ፈቀደልን፤ ሁለት ሽማግሌ ጎንበስ ብለን፣ እጃችን ውስጥ ባልዲ፣ ከአጫጆች በኋላ ማሳ ውስጥ የገባን ቃርሚያ ቃራሚ ነበር የምንመስለው። ሻምበል በተተኮሰው ሱሪው ተንበርክኮ ከወንበር ስር የናስ ቀለህ ሲፈልግ ያላየ ሰው ትሕትና ምን እንደሆነ አያውቅም። ቤት ወስጄ ስወለውላቸው የቤዝመንቱ መብራት ላያቸው ላይ ይጫወታል። ያገለገለ ፕሬስ ገዛን፤ ይሄ እጀታ ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰር ብረት ነው፤ ቀለሁን ወደ ቅርጹ የሚመልሰውም እርሳሱን የሚከድነውም እሱ ነው። እርሳሱ ራሱ ለኢላማ የሚሆነው ዓይነት ነው፤ አፍንጫው ድፍን፣ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ልክ እንደ ቢሮ ወረቀት መብሻ ክብ አድርጎ የሚቆርጥ። ባሩዱ የሚለካው በአንዲት ትንሽ ሚዛን ነው፤ መለኪያዋ «ግሬን» ይባላል፣ የእህል ፍሬ ማለት ነው። ይህን ስሰማ ደረቴ ተነፋ። እህል በረንዳ ያደግኩ ሰው በእህል ፍሬ ሚዛን ሊፈተን! ለሻምበል «ይሄንን ለእኔ ተወው፤ አንተ ቡና ጠጣ» አልኩት።

ተወው። የባሩዱን መጠን የሚናገረውን መጽሐፍ አንብቦ፣ ልኩን አስተካክሎ፣ እንዴት እንደሚሠራ አሳይቶኝ ሄደ። እኔ ሥራዬን ሠራሁ። አንድ ሙሉ ሳጥን! የእንቁላል መያዣ የሚመስለው ሳጥን ውስጥ ተሰልፈው ስትመለከቷቸው ልጆችን ትምህርት ቤት እንደመላክ ያኮራል። ሻምበል ቅዳሜ መጣና አንዷን አንስቶ እንደ ጌጥ ሠሪ ወደ መብራቱ ያዛት። ከዚያ ውስጡ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ መዶሻ የሚመስል ነገር ውስጥ ከቷት እንጨት ላይ ቀጨም ቀጨም አደረጋት፤ እርሳሷ ወለቀ፣ ባሩዷ ፈሰሰ። መዘነው። ሌላ አነሳ። ቀጨም። መዘነ። ሦስተኛውን ከመዘነ በኋላ መነጽሩን አወለቀ።

«ሁሉም አልፏል።»

«እንዴት ያልፋል? ልክ አድርጌ ነው የመዘንኩት!»

«ቁጭ በል። ሥራ። ልይህ።»

ቁጭ አልኩ። በትንሿ ማንኪያ ባሩዱን ቀዳሁ፤ ሳህኗ ላይ እየነሰነስኩ ጨመርኩ፤ የሚዛኗ ክንድ ቀስ ብላ ተነሳች፣ መስመሩ ላይ መጣች፣ ቆመች። በኩራት ቀና አልኩ።

«ይኸው!» አለ ሻምበል ጠረጴዛውን መትቶ።

«ምኑ?»

«ጨመርክ እኮ!»

«አልጨመርኩም።»

«በዓይኔ አየሁህ! ጣትህ ማንኪያዋን መታ አደረጋት!»

«ሻምበል፣ በማርያም አልጨመርኩም!»

ከደረጃው ላይ የጥሩነሽ ድምፅ መጣ፤ ለካ ቆማ ታይ ኖሯል። «ጨምሯል። ከተጋባን ጀምሮ ሲጨምር ነው የኖረው። አያውቀውም።»

እንደገና መዘንኩ፤ አሁን ጣቴን እያየሁ። ክንዷ መስመሩ ላይ መጣች፤ ጣቴ መታ አደረገች። እኔ ራሴ አየኋት! የራሴ ጣት፣ ከእኔ ፈቃድ ውጪ፣ ለሽጉጤ ምርቃት ስትሰጥ።

ሻምበል አልሳቀም። «ስማኝ። ባሩድ በርበሬ አይደለም። በርበሬ ሲበዛ የሚያለቅሰው ደንበኛው ነው። ባሩድ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀምሰው ሽጉጡ ነው፤ ቀጥሎ እጅህ፤ ቀጥሎ አጠገብህ የቆምኩት እኔ። ይሄ ሁሉ ይፈታል።»

ያን ሁሉ ሳጥን አንድ በአንድ በመዶሻው እየቀጨመ አስፈታኝ። ከዚያ በኋላ ጣቴን ልገራት ሞከርኩ። ሁለቱን ጣቶቼን በፕላስተር አሰርኳቸው፤ ሦስተኛዋ ሥራውን ተረከበች። በግራ እጄ ሞከርኩ፤ ግራዬ ለካ ከቀኜ ይብስ ቸር ናት። ሻምበል እንዳይመዝንልኝ የስኳር በሽታው መድኃኒት እጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ ማንኪያዋን ሲይዝ ባሩዱ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚበተነው። ከፕሬሱ ጎን ተቀምጠን ተያየን፤ አንዱ የሚሰጥ እጅ፣ አንዱ የሚንቀጠቀጥ እጅ። «ለዊተኖቹ ታመመ እልልሃለሁ» አለ ሻምበል በሐዘኔታ። «ኩባያ ከመደብር ይገዛል።»

ጥሩነሽ ደረጃውን ወረደች። ሻርፗን ወደ ኋላ አሰረች፣ የማንበቢያ መነጽሯን አደረገች።

«ተነስ ከወንበሩ።»

«አንቺ አማትበሽበት አልነበር?»

«ያማተብኩት በአንተ ነው። ተነስ።»

ተነሳሁ። ተቀመጠች። ሻምበል ልኩን አሳያት። ማንኪያዋን ያዘች፤ ያንኑ የሱቁን አያያዝ፣ ክርኗ ወደ ጎኗ፣ ትንፋሿ ዝግ። ክንዷ ተነሳች፣ መጣች፣ ቆመች። የጥሩነሽም እጅ ቆመ። አንዲት ቅንጣት አልወደቀችም። ሌላ መዘነች፤ ቆመ። በሦስተኛው ትንሽ አለፈባት፤ በማንኪያዋ ጫፍ መልሳ አወጣቻት።

ሻምበል ፈተና ማብዛት ይወዳል። ጎንበስ ብሎ፣ በዚያ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ሲለማመጥበት በነበረ ድምፅ፣ «እባክዎ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ትንሽ ጣል ያድርጉበት» አላት።

«ልኩ ነው ሻምበል» አለች ቀና ሳትል።

«ቁንጥጫ ብቻ፤ ደንበኛዎ አይደለሁ?»

«ልኩ ነው አልኩዎት እኮ!»

ሻምበል ቀጥ ብሎ ቆመና ሰላምታ ሰጣት፤ የወታደር ሰላምታ። «ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ በሚጥሚጣ ያንገበገቡኝን ዘመን ሁሉ ዛሬ ይቅር ብዬዎታለሁ።»

«እኔ ደግሞ ጤናዎ ደህና የሰነበተው በእኔ ይመስለኛል» አለችው። «በእሱ ሚዛን ቢሆን ጨጓራዎ ዛሬ አይኖርም ነበር።»

እንዲህ ሆነን ሥራው ቀጠለ። ሻምበል ቀለህ ይመረምራል፣ ጥሩነሽ ትመዝናለች፣ እኔ የፕሬሱን እጀታ እጎትታለሁ። ዋናው ባለ ሽጉጥ ወደ እጀታ ጎታችነት ወረድኩ። ሚዛኑ አጠገብ ስጠጋ «እጅህን!» ትለኛለች፤ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ እቆማለሁ። አንድ ነገር ልናገር፤ ከዚያ በፊት ሱቁ ውስጥ ስንት ዘመን አብረን ስንቆም አንድም ቀን ሚዛን ላይ እጇን ትክ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ የማየው የደንበኛውን ፊት ነበር። ቤዝመንቱ ውስጥ ደንበኛ የለም። እጇ ያምራል። ይህን ስነግራት «ወደ እጀታህ» አለችኝ።

ሻምበል የእሷን ጥይቶች መርምሮ፣ ከየመሃሉ አንስቶ እየፈታ መዝኖ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እነዚህ መንትያ ናቸው» አለ። ጠረጴዛው ከቤት አልወጣም።

የውድድሩ ዕለት ጥሩነሽ አልመጣችም፤ «የወረቀት ጠብ አላይም» አለች። ሳጥኑን ግን ራሷ አሽጋ ሰጠችኝ። የቆዳ ጃኬቴን ለብሼ ሄድኩ፤ ያኔ ክርኗ ላይ ተበልታ ነበር። ቦታው ሞልቷል፤ ፈረንጆቹ ከየቦታው ያጠራቀሙትን ጥይት አንድ አንድ እያሉ ቆጥበው ይዘዋል፤ እኛ ሙሉ ሳጥን። አንዱ፣ ያ «ታንክ ዩ» ያለኝ ሰውዬ፣ ከየት አመጣችሁት አለኝ። «ሚስቴ ሠራችው» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የመጀመሪያዋን ተኮስኩ። ደህና። ሁለተኛዋን። ደህና። አንዷም ሳትከሽፍ፣ አንዷም ሳትጮህ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰሙ፣ እጄን አንድ ዓይነት እየገፉ አለቁ። ጥይቶቹ መንትያ ነበሩ፤ ተኳሹ ግን ያው እኔ ነበርኩ። ቀዳዳዎቼ ወረቀቱ ላይ እንደ ዘመድ አዝማድ በየማዕዘኑ ተቀምጠዋል። ውጤት ሲነበብ ከታች ለሚጀምር ሰው ቶሎ የምገኝ ነበርኩ። ሻምበል ሦስተኛ ወጣ፤ የእሱ እጅ ሽጉጥ ሲይዝ እንደምንም ይረጋል፤ ኩባያውን «ታንክ ዩ» ወሰደው።

ሰዉ ሲበተን ዕቃዬን ልሰበስብ ሳጥኑን ሳነሳ ከክዳኑ ስር አንዲት ቡናማ ወረቀት ወደቀች። አጣጠፏን አወቅኩት፤ ዱክ ስትሪት ሱቃችን ውስጥ ትንሽ ሚጥሚጣ ለሚፈልግ ሰው የምናጥፈው አጣጠፍ ነው፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚገባ። ፈታኋት። ውስጧ አንዲት ጥይት። ከሳጥኑ ቁጥር ውጪ፣ አንዲት ብቻ፣ ተወልውላ የምታብረቀርቅ።

ለሻምበል አሳየሁት። አንዴ ወረቀቷን አንዴ እኔን አየና፣ «ቦታው ገና ክፍት ነው» አለኝ። አዲስ ወረቀት ሰቀልኩ። ምንም የምጠብቀው አልነበረም፤ ተወዳድሬ ጨርሻለሁ፤ እጄ ለቀቅ ብሏል። ቃታውን ሳብኩ።

ወረቀቱ ተጎትቶ ሲመጣ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ድፍን መሃል። በኮምፓስ የተሠራ ይመስል፣ የመሃሉ ጥቁር ነጥብ ተቆርጦ ወድቆ፣ በቀዳዳው ውስጥ ሻምበል ይታየኛል። እድሜ ልኬን፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም፣ መሃሉን የመታሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አይቆጠርም» አለ ሻምበል።

«አውቃለሁ» አልኩት፤ አፌ ግን እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ ነበር።

ቤት ስገባ ጥሩነሽ ምስር እየለቀመች ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። በመነጽሯ አየችው፣ ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገባች።

«ኩባያውስ?»

«ኩባያው የለም። ስሚ፣ ያቺን አንዷን ለምን ጨመርሽ?»

«ምርቃት ናታ።»

«አንቺ? አንቺ ምርቃት?»

ምስሯን ቀጠለች። «ሚዛኑ ላይ አልጨመርኩም» አለች። «ልኳን መዝኜ ነው የሠራኋት። ለብቻዋ።»

አሁን ቤዝመንት የለንም። ደረጃ ጉልበታችንን ስለጠላው እኛም ስካይላይን ገብተናል፤ ሊፍት አለ፣ ፕሬሱንና ሽጉጡን ለአንድ የተኩስ ቦታው ሰው ሰጠን። ሻምበል ልጁ ዘንድ ሄደ፤ እሑድ እሑድ ይደውላል፣ ስልኩን ወዲያው ለጥሩነሽ እንድሰጣት ያዘኛል። ያ ወረቀት ኩሽናችን ውስጥ ከቅመም መደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል። እኔ አይደለሁም የሰቀልኩት።

ቅዳሜ ከፎልስ ቸርች ስመለስ ሚጥሚጣውን ለጥሩነሽ ሰጠኋት። በመዳፏ ከፍ ዝቅ አደረገችው፤ ሚዛን አያስፈልጋትም።

«ልክ ነው» አለች ተገርማ። «ማን ናት የመዘነችው?»

«አንዲት ልጅ። ቁንጥጫ አልፎባት መልሳ አወጣችው። ደንበኛ ፊት እንዲህ ስታደርግ ትንሽ እንኳ አታፍር...»

«ስሟን ጠየቅካት?»

«ለምን እጠይቃታለሁ?»

«ከእንግዲህ ከእሷ ነው የምንገዛው» አለችኝ ጥሩነሽ፣ ላስቲኩን እየፈታች። ከዚያ ጣቷን አስገብታ አንዲት ቁንጥጫ አነሳችና መዳፌ ላይ ጣል አደረገችልኝ።